ማን ይመልሰው

ዘውገ ነው ስም ያወጣለት፣ «ማን ይመልሰው» ብሎ፣
ቡችላ ሳለ፣ የሳሙና ካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ።
ያኔ ስሙን ሰምቼ ስቄ ነበር።
አሁን ስሙ ይጎትተኛል ከበር እስከ በር።

ዘውገን ከቀበርን መንፈቅ አለፈው፤
ውሻው ግን አንድም ቀን ሰዓቱን አላሳለፈው።
አስራ አንድ ተኩል ሲል አመሻሹን፣ የግቢው በር ሲንቋቋ
ይስበኛል፤ ትከሻዬ ከቦታው ሊወልቅ፣ በቃ።
ኮብልስቶኑ ላይ ነጠላ ጫማዬ ሲያዳልጠኝ
የባጃጁ ልጅ ጡሩምባ ነፍቶ ያላግጥብኛል ሲያገኘኝ፦
«እማማ፣ ማን ነው ማንን የሚያናፍሰው?»
እኔ እንጃ። ጥያቄውን ማን ይመልሰው።

የአንገቱን ማሰሪያ ባጠበቅኩ ቁጥር ያስላል፣ ደግሞ ይስባል፤
በሬም እንዲሁ ነው፣ ቀንበር አንገቱ ላይ ሲያርፍ ይበረታል።

ሰንዳፋ፣ ከበግ ተራው ጀርባ፣ ጋሽ ቱፋ አለ፣
ለጋሪ ፈረስ አፍሳር ሲሰፋ ሽበት ያበቀለ።
ባጃጅ መጥቶ ፈረሶቹን ከአስፋልቱ ሲያባርራቸው
ጠፍሮቹ ግድግዳ ላይ ቀሩ፣ አቧራ በልቷቸው።
«አፍሳር ፈልጌ ነበር» አልኩት።
«ለበቅሎ ነው?»
«ለውሻ።»
ወስፌውን አስቀመጠ። በድዱ ሳቀ፣ እስኪያስለው።
ከዚያ ተነሣ። በሲባጎ አፍንጫውን ለካ፣
ከጆሮው ሥር ዞሮ፣ ዓይኑን ሳይነካ።
«አንገቱን ስትይዢ ጉልበቱን ነው የያዝሽው።
ራሱን ያዢ፣ በሁለት ጣት። ወዳዞርሽው
አፍንጫው ይዞራል፤ ገላ ምን ምርጫ አለው፣ ይከተላል።
እንዳትመነጭቂው ብቻ። የመነጨቀ እጅ አንገት ይሰብራል።»

ሦስት ቀን አፍንጫውን ከሣሩ ጋር ፈተገ፣
በመዳፉ እየቧጠጠ ሊያወልቀው ፈለገ።
በአራተኛው ቀን የሳንባ ቁራጭ ከወዲያ ሲሸተው
አፍንጫውን በጠፍሩ ቀለበት ራሱ ከተተው።

የሰፈሩ ልጆች ግን ሸሹ፦ «አፉን አሰሩት! ይነክሳል!»
«አይነክስም፤ ያዛጋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ አጥንት ይቆረጥማል።»
ማን ይሰማኛል። እልፍነሽ በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝና
«ዘውገንም እንዲህ ይዘሽው ቢሆን» አለች፣ ሳቋን አፍና።
አልገባኝም ያኔ።

ወር ሙሉ በሁለት ጣት ሄድን፤
ድልድዩ ጋ ወደ ግራ ሊል ሲል፣ በቀስታ ወደ ቀኝ ዞርን።
ሁልጊዜ ድልድዩ ጋ። ሁልጊዜ ወደ ግራ፣ ወደ ባሕር ዛፉ።
ሁልጊዜ እኔ አሸነፍኩ። ዓይኑ ግን እዚያው ይቀራል፣ ከጠባቡ መንገድ አፉ።

የጥቅምት መጨረሻ፣ ቅዳሜ፣ ዘለበቱ ላላ።
ጋሽ ቱፋ «በየሳምንቱ እዪው» ብሎኝ ነበር፤ ረሳሁት በኋላ።
ጠፍሩ ከአፍንጫው ተንሸራተተ። ማን ይመልሰው!
ድልድዩን አለፈ፣ ባሕር ዛፉን አለፈ፤ እኔ ከኋላ፣ አንድ ጫማዬን ጥዬው፣
ጣሳ በእንጨት ጫፍ ከሰቀለች የጭቃ ቤት ደጃፍ
ቁጭ አለ፣ በጅራቱ አቧራውን እየጠረገ፣ ሳያርፍ።

አንዲት ሴት ብቅ አለች። «ውይ! ማን ይመልሰው!
ምነው ጠፋችሁ? ጋሼስ? ዛሬ አልመጣም ሰውየው?»

መልስ ሳልሰጣት አየሁት፣ ከአግዳሚው ሥር አንድ ገል፤
ንጹሕ ውሃ ሞልቶታል። ስምንት ወር ሙሉ፣ ምናልባት ይመጣሉ ሲል
የሰው ልብ።

ሰባት ዓመት «ውሻውን ላናፍሰው» እያለ ይወጣ ነበር።
«ጨጓራዬ ነው፣ ጠላ አልነካም» ይላል፣ በክርስትናም በሠርግም፣ በማኅበር።

«ዕዳ አለበት?» አልኳት።
አቀረቀረች። «ሠላሳ ብር ናት፣ ምንም አይደል፣ ይቅር።»
ከፈልኩ። ተቆጥቼ ነበር።
ከዚያ ተቀመጥኩ። አግዳሚው አንድ ቦታ ላይ ጎድጉዷል፣
የሰው ልክ ይዟል።

ዘለበቱን በየሳምንቱ አያለሁ አሁን፣ አልረሳም።
በሥራ ቀን ወደ ቀኝ እንዞራለን፣ ማን ይመልሰው አይከፋም።
ቅዳሜ ግን ድልድዩ ጋ ጣቶቼን አላላለሁ፤
ራሱን ወደ ግራ ያዞራል፣ እኔ እከተላለሁ።
እልፍነሽ በአጥሩ ቀዳዳ «ወዴት ነው በዚህ ምሽት?» ትለኛለች።
«ውሻውን ላናፍሰው» እላታለሁ።
ዝም ትላለች።