ያልደረሰው ጦር

አርባ ዓመት ሙሉ ጥርስ ነው የሠራሁ፤
ሰም እያቀለጥሁ፣ ወርቅ እያፈሰስሁ።
ሽማግሌ መጥቶ ዳቦ እንዲገምጥ፣
ሙሽራ ስትስቅ ጉድለቷ እንዳይገለጥ፣
ከጎረቤት ጥርሱ ቀለሙን አዛምጄ
ስንት አፍ ሞልቻለሁ በእነዚህ ሁለት እጄ።
«ሐሰት ነው» ብሎ የመለሰ የለም፤
ያኘኩበት ዳቦ ሐሰት ሆኖ አያውቅም።

አሁን ጡረታ ነኝ። ራይን ዳር ነው ቤቴ።
ቅዳሜ ሲመጣ፣ ከነአጉሊ መስታወቴ
ከሳንቲም ገበያው፣ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ።
ሰዉ ወርቁን ከቦ፣ ብሩን ከቦ ሲጋፋ
እኔ ከጥጉ ነኝ፣ ከፕላስቲኩ ሳፋ፤
«አንዱ በሁለት ዩሮ» ይላል ካርቶኑ።
«የውሸቶች አባት መጡ!» ይላል ኤግበርት፣ ስቆ እስኪያመው ጎኑ።
ይሳቅ፣ ግዴለም።
የላይ ጥርሱ የእኔ ሥራ ነው፤ ለማንም አልነገርሁም።

ያገኘሁትን ዘይት ውስጥ ነክሬ ሳምንት አቆያለሁ።
ገርሊንደ «የሰላጣ ዘይቴን!» ትላለች፤ ዝም እላለሁ።
ሌሊት ተነሥታ ዘይቱን የምትለውጠው ግን ራሷ ናት፤
አይቼ እንዳላየ ሆኜ እተኛለሁ።

ሰም እቀርጽበት በነበረው ወስፌ ዝገቱን ስልጠው
ብቅ ይላል ንጉሡ፣ አሥራ ስድስት መቶ ዓመት አፈር እንዳልዋጠው።
ዘውዱ የዶቃ ክር። አፍንጫው መንቁር። ዓይኑ አንዲት ነጥብ።
ዙሪያውን ፊደል አለ፣ ፊደል ከተባለ፤
አንዱ በግንባሩ የተደፋ፣ አንዱ ጀርባውን የሰጠ፣ አንዱ አጥር ያከለ።
ቀራጩ አያነብም። ፊደሉን የሣለው
ሰው ያልገባበትን ቤት በሩን እንደሚስለው።

እንግዲህ መለየት፤ ድካሙ እዚህ ላይ ነው።
ክብደቱ አንድ ግራም ከሦስት፤ የዋናው ከሁለት በላይ ነው።
የትሪሩን ነው ወይስ የሊዮኑን አይቶ የቀዳ?
ዘውዱን ከአንዱ ወስዶ ፊደሉን ከሌላው ጓዳ?
መጽሐፍ እገልጣለሁ። መጽሐፉ በአንድ ቃል
«የአረመኔ እጅ» ብሎ ያልፋል።

ትናንት ማታ አንዱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ።
ሥዕሉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤
የሮም ወታደር ጋሻውን አንግቦ
ከፈረስ የወደቀውን ሰው ይወጋል ቀርቦ።
የወደቀው ጢማም ነው፤ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቷል።
«ደጉ ዘመን ተመለሰ» ይላል የዋናው ጽሑፍ።
ለማን እንደተመለሰ አይልም።
የወደቀውማ ከወንዙ ማዶ ነው፤
ምናልባት ለቀራጩ አጎቱ ነው፣ ወንድሙ ነው።
ከሰል አንድዶ፣ ነሐስ አቅልጦ፣ መዶሻ አንሥቶ
የወገኑን መውደቅ ደግሞ ደጋግሞ መትቶ
ጨው ሊገዛበት ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት።
አጉሊውን በሸሚዜ ሁለቴ ጠረግሁት።
በዋናው ላይ ጦሩ ከደረት ይገባል።
በዚህኛው አይደርስም።
ግማሽ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ክፍተት
በጫፉና በሰውየው መካከል።

እጁ አልሠለጠነም? መሮው አዳለጠው?
ወይስ እዚያች ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ዋጠው?
እኔ ጥርስ ሠሪ ነኝ፤ ክፍተት አይቻለሁ።
በስሕተት የመጣች አለች፣ ታስባ የቀረች አለች።
አንዲት የአሣ ነጋዴ፣ ሁሉንም ጥርስ ስተካላት፣
«ፍንጭቴን ግን ተውልኝ» አለች።
ተውሁላት።

ገርሊንደን ጠራኋት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ሳንቲሙን ካፍንጫዋ አስጠግታ፣ ብዙ ቆይታ
«ፈረሱ ውሻ ነው የሚመስለው» አለች። ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

ካርዱ ላይ በእርሳስ ጻፍሁ፦
ነሐስ። አንድ ግራም ከሦስት። ከራይን ማዶ። እጁ አይታወቅም።
ከታች ቦታ ተርፏል።
«ጦሩ» ብዬ ጀመርሁ፣
እርሳሱን አነሣሁ፣
እዚያው ተውሁት።