አሥራ ሁለት ደቂቃ

ሐሙስ በመሸ ቁጥር ኑግዛር ቤት ነው መሰብሰቢያችን፣
ሳንቲም ካላጎረሱት የማይነሳ አሳንሰር ነው መሰላላችን።
የሟች ሚስቱን አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥሮ፣
ምስሉ እንዳይሸበሸብ ዳርዳሩን በምስማር ቸንክሮ፣
ይጠብቀናል። ለውዝ በሳህን፣ በላስቲክ ጠርሙስ ወይን፣
አራት ወንበር፣ ሦስት መነጽር፣ አንድ የታመመ ዓይን።

የምናየው ያረጀ ፊልም ነው፤ አዲሱን አንወድም፣
አዲሱ ይሮጣል፤ እኛ በዚህ ጉልበት አንከተልም።
ዛዛ ከፊልሙ ይቀድማል፦ «አሁን በሩ ይከፈታል!
አሁን ሰውየው ባርኔጣውን ያወልቃል!»
ጺያላ «ዝም በል!» ብላ ለውዝ ትወረውርበታለች፣
ከልጅነቷ የማይለቃትን ያን ደረቅ ሳል ትስላለች፣
ከተዋናይቷም ቀድማ ታለቅሳለች።

ከዚያ ክርክር ነው፤ መብራት ሳናበራ ገና፣
«ሐኪሙ ፈሪ ነው» ይላል አንዱ፤ ሌላው «ኧረ ጀግና!»
ሠላሳ ዓመት የቆየ ትዕይንት እንደ ርስት ይዘን ለሙግት፣
እማኝ እንጠራለን፤ እማኙም ያው እኛው፤ ዳኛ የሌለበት።

ያለፈው ሐሙስ ግን ኑግዛር እጁን እያሻሸ ጠበቀን፣
«የጣቢያውን ፊልም አገኘሁት፣ ያንን፣ የኛን» አለን።

ያ የብርድ ዘመን! ኩታይሲን መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ
ብቅ ብሎ ጠይቋት፣ ሳይቀመጥ የሚሄድ።
ሲኒማ ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሰን፣ ትንፋሻችን ሲጨስ፣
ትኬቱ አንድ ጉማጅ እንጨት ነበር፣ ምድጃው ውስጥ የሚለኮስ።
ጣቢያው ላይ ሴትዮዋ ሻንጣዋን አነሳች፣
ባቡሩ አፏጨ፤ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አኖረች፣

እና ጨለማ።
አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው።

ማሽኑ አቃስቶ ቆመ፤ ወንበር ተንጓጓ፤ አንድ ሕፃን አለቀሰ፣
ያኔ ነው ከማሽኑ ክፍል የዛዛ ድምፅ የደረሰ።
(ያኔ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ፊልም ተሸካሚ፣ ከሲታ፣
ከሰው ፊት ስሙን ለመናገር እንኳ የሚያመነታ።)
«አትሂዱ» አለ፣ «መጨረሻውን እኔ እነግራችኋለሁ፤
እዚህ ላይ ቆሜ ዘጠኝ ጊዜ አይቼዋለሁ።»

ነገረን። ሴትዮዋ ከደረጃው ወረደች፣
በረዶ ባርኔጣዋ ላይ ሲያርፍ ወደ ኋላ ዞረች፣
ሰውየው ከሰዓቱ ሥር አንድ ጓንት ይዞ ቆሟል፣
የቀኝ እጅ ጓንት፤ ግራው እሷ ኪስ ውስጥ ቀርቷል።
በጨለማ አየነው። እምላለሁ፣ አየነው።
ጺያላ ቀለሙን ሳይቀር ታውቃለች፦ ቡናማ ነው።
(ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው።)

እንግዲህ ያለፈው ሐሙስ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ እስከ ጫፉ አየን።
ሴትዮዋ አልወረደችም።
ባቡሩ ሄደ።
በረዶ የለም። ጓንት የለም። ከሰዓቱ ሥር አንድ ጠራጊ
መጥረጊያውን ተደግፎ ያዛጋል።
አለቀ።

ኑግዛር ተነሥቶ አንሶላውን ገለጠ፣ ከኋላው የቀረ እንዳለ፣
«የተበላሸ ቅጂ ነው፤ ፊልሙ ዋሽቷል» አለ።
እኔም ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም፣
ሠላሳ ዓመት ኪሴ ውስጥ ያሞቅሁት ጓንት የለም።

ዛዛ ብቻ አልተናገረም፤ የለውዝ ቅርፊት ይቆጥራል፣
በዚህ ዕድሜው፣ እስከ ራሰ በራው ድረስ ቀልቷል።
«ዘጠኝ ጊዜ ብለህ ነበር።»
«አንድም ጊዜ። መብራቱ ሁሌም እዚያው ላይ ነበር የሚሄደው።
ሰው ሲወጣ ሰማሁ። ደግሞ አንድ ሳል ሰማሁ፣ ወደ በሩ ሲያመራ፤
ሳሉን አውቀው ነበር። እንዲቆይ ነው።»

የማን ሳል ነው፣ ብሎ የጠየቀ የለም።
ጺያላ ጉሮሮዋ የመጣውን መልሳ ዋጠችው፣
የወይን ብርጭቆዋን ከዛዛ ብርጭቆ አጠገብ ገፋ አደረገችው።

ስንወጣ ሳንቲም አልቆብናል፤ የደረጃው አምፖል ተቃጥሏል፣
ሦስት ሆነን ግድግዳ እየዳበስን፣ ስድስት ፎቅ ይቀረናል።
አራተኛው ላይ ጺያላ፦ «ቡናማ ነው።»
ዛዛ፦ «ኧረ እኔ ግራጫ ነው ያልኩት!»
«ቡናማ!»
«የፈጠርኩት እኔ!»
«ያየሁት እኔ!»

እስከ ውጭው በር ድረስ አልተስማሙም።
እኔ አልፈረድኩም፤ አጥሩ ላይ በረዶ ጀምሮ ነበር፣
ባርኔጣዋን ነበር የማየው።