የመጋዘን ጉዳይ

እሑድ ነው፣ ሻኬድ፤ ገና አልነጋም ቅርያት ጋት ላይ።
ከነሻንጣሽ ቆመሽ፣ አውቶቡሱ እስኪታይ፣
ልንገርሽ ጥቂት ነገር። ምክር ነው አትበይ፤
ቆጠራ ነው በይው፣ የመጋዘን ጉዳይ።

ሃያ ሁለት ዓመት ብርድ ልብስ ቆጥሬ፣
ኮዳ ሳድል ኖሬ፣ ቁልፍ ሳዞር ኖሬ፣
የጎደለ ነገር ይሸተኛል ዛሬ።

አንቺም ጎድሎብሻል።
ዓርብ ማታ መጥተሽ፣ ዩኒፎርምሽ ገና
ከማሽኑ ሳይወጣ፣ «ደህና ነኝ፣ ሁሉም ደህና»
ስትያት ለእናትሽ፣ እኔ ጫማሽን አየሁ፤
ሶሉ በካርቶን ተደፍኖ አገኘሁ።
ምነው? አፈርሽ እንዴ? ወይስ አዲስ ፈራሽ፣
የመጋዘኗ ልጅ በክፉ ዐይን አይታሽ?
ስሚኝ፦ ጫማ ማለት፣ ካልጠየቀው እግር፣
አቧራ የለበሰ የመደርደሪያ ቁጥር።

እናቴ መክራኝ ነበር ጦሩን ስቀላቀል፤
«በተዘጋ አፍ፣ ልጄ፣ ዝንብ አይገባም» ስትል።
አፌን ዘጋሁና፣ ከጥጌ አርፌ፣
እውነቷን ነው፤ ዝንብ አልገባም አፌ።
እንጀራም አልገባም።

አባቴ ፋብሪካው ውስጥ ወገቡ ተሰብሮ፣
የመብራት ዕዳ ወረቀት በር ሥር ተወርውሮ፣
ለሻምበሌ መንገር ከመሞት ተቆጥሮ፣
እሑድ አልተመለስኩ። አሽዶድ ወደብ ገባሁ፤
ሳጥን ተሸክሜ መብራቱን አበራሁ።
በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በር ሲያንኳኩ ፖሊሶች፣
እናቴ «ግቡ» አለች፣ መስለዋት ጓደኞች።

ሃያ አንድ ቀን ታሰርኩ።
ስወጣ ሻምበሉ ወረቀት አሳየኝ፤
አንዲት ገጽ ብቻ። «ይህችን ብትሞላ» አለኝ፣
«ድጎማም፣ የሥራ ፈቃድም ነበረህ፤
ማን ይወቀው ብለህ?»
እስካሁን መልስ የለኝ።

ስለዚህ ሰኞ ጧት ከሰልፍ መልስ ሂጂ
ደኅንነት ቢሮ፤ ቆመሽ ጠብቂ እንጂ
«ነገ ይሻላል» ብለሽ ከበሩ አትመለሽ።
የእናትሽን የደሞዝ ወረቀት ይዘሽ፣
የቤት ኪራዩንም። የተቀበለሽን
ስሙን ጻፊ፣ ቀኑን፤ አትርሺ ቅጂሽን።

አንዳንድ አዛዥ አለ፣ ፊትሽን አይቶ
ወጥ ቤት የሚልክሽ፣ ዲፕሎማሽን ትቶ።
አትጩኺ። ዝምም አትበይ። ጻፊለት፤
በቃል ያለ ይረሳል፣
በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ሌላው ነገር ደግሞ፦ ያቺ መቶ አለቃ
«ፈርሚ፣ ሦስት ዓመት ነው» ብላሻለች በቃ።
ደሞዙ መልካም ነው፣ አልዋሽሽም እኔ፤
ይኸው ቤት ገዛሁበት እኔም በዘመኔ።
ግን ብዕር ሳታነሺ ይህችን ጠይቂያት፦
«ስወጣ እጄ ላይ ምን ይቀራል?» በያት።
ጄኔሬተር መጠገንሽ፣ ከአጥር ውጭ ሄዶ
የሙያ ወረቀት ነው? ወይስ እጀ ባዶ?
እኔ ይዤ የወጣሁት መቁጠርን ብቻ ነው፤
አሁን ሱፐርማርኬት ቱና ነው ምቆጥረው።

አትሳቂ።
እሺ፣ ሳቂ።

ናኦር የስንብቱን ገንዘብ አንድ ሳያስቀር
ታይላንድ ላይ ዘርቶ፣ አሸዋ ይዞ መጣ በእግር።
አንቺ ግማሹን እንኳ ለትምህርት አኑሪ።
እሮብ እሮብ ማታ ለእናትሽ ደውዪ፤
ባትሪሽ ቢያልቅም እንኳ ስልክ ለምነሽ ንገሪ
ዛሬ ምን እንደበላሽ። ሌላ ምንም አትሻ።

ያው መብራቱ ታየ፤ አውቶቡሱ መጣ።
ሻኬድ ሻንጣዋን ጭና፣ ደረጃውን ወጣ
ስትል ዞር አለችና፦ «አጎቴ፣ ይሄ ጫማ
የኔ አይደለም» አለች፣ ሹፌሩ እንዳይሰማ።
«የሊልያ ነው። ዝናብ ሲወርድ ዘብ ወጥታ፣
መጠየቅ አፈረች፤ የኔን ሰጠኋት ማታ።»

በሩ ተዘጋ።
ሃያ ሁለት ዓመት የቆጠረው ጣቴ
በአንድ ጥንድ ጫማ ሳተ፤ የኔው ነው ስሕተቴ።

ከጎኑ ሮጥኩና፣ ሰማችኝ አልሰማች፣
«ሰኞ ይዘሻት ሂጂ!» ጮህኩኝ።
በመስኮቱ፣
ሁለት ጣት አሳየች።