የሌሊት ቆጠራ

ፈሐሂል ላይ ሌሊት አይጨልምም ከቶ፤
የማጣሪያው እሳት ሰማይ ጫፍ ላይ በርቶ
በመጋረጃው ሽንቁር ወለሉን ያቀላል፤
ፍራሼ ከባባ በር አጠገብ ተጥሏል።

አንድ። ሸበጡ ይጎተታል፣ እጁ ግድግዳ ይዳብሳል፤
ይቆማል። ይጠብቃል። ውሃው ግን ጠብ ጠብ ይላል፣
እንደ ላላ ቧንቧ።
ሁለት። ሦስት። አራት።
የንጋቱ አዛን ሳይሰማ አምስት ሞላ።

ቆጠራ ሥራዬ አልነበረም፤
ውሌ ላይ ያለው ማብሰል፣ መጥረግ፣ ማጠብ ነው።
ግን የነገረኝ እጥበቱ ነው፦
ነጭ ሱሪው ላይ የሮማን ውሃ የመሰለ ጠብታ።
በሳሙና ፈተግኩት፣
ሁለት ቀን ዋጥኩት፣
በሦስተኛው ለልጁ ለኑራ አፌን ፈታሁት።

ሐኪሙ ግብፃዊ ነው፤ ቀልድ ይወዳል፤ ያን ቀን አልቀለደም።
ወረቀት ላይ ፊኛ ሳለ፣ ከሥሩ ኮክ የምታህል ዕጢ፤
«ሽንት በመሃሏ ያልፋል፤ ስታብጥ መንገዱ ይጠብባል።
ስንቱ ሽማግሌ ታብጥበታለች፤ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም።
የእርስዎ ግን...» እስክሪብቶውን አስቀመጠ።
በመርፌ ከወሰዱት አሥራ ሁለት ቁራጭ
በስምንቱ ተገኝቷል።
ባባ ተቆጣ፦ «ሠራተኛዋ ለምን ትሰማለች?»
ከዚያ ዊልቸሩን የሚገፋ ሌላ እንደሌለ ትዝ አለው፤
ዝም አለ።

ሠላሳ ዓመት በማጣሪያው ቫልቭ ሲከፍት ሲዘጋ የኖረ ሰው
የሐኪሙ ነገር አልገባው ብሎ ነበር፣
«በሽታው የሚነደው በወንድነት ሆርሞን ነው፤
በየሦስት ወሩ ሆድዎ ላይ አንዲት መርፌ፣
ነዳጁን እንዘጋበታለን» እስኪባል ድረስ።
ባባ ቀና አለ። የሥራ ፊቱ መጣ።
«ዋናው ቫልቭ ሲዘጋ እሳቱ ወዲያው አይጠፋም፤
ቧንቧው ውስጥ የቀረ አለ።»
«ጨረሩ ለዚያ ነው» አለ ሐኪሙ።

ሰባት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን።
ፊኛው ካልሞላ ጨረሩ አይተኮስም፤
ሦስት ብርጭቆ ውሃ አስጠጥቼው እንወጣለን፣
መንገዱ በመኪና ታፍኖ፣ ባባ ጥርሱን ነክሶ፣
ዓይኔን ላለማየት የቀዩን መብራት ሴኮንድ ሲቆጥር።

መርፌው ሲውል ሲያድር ሙቀት ይወጣበት ጀመር፤
ኤሲው ዐሥራ ስምንት ላይ፣ አንገቱ ላብ በላብ።
አንድ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ
«ይህ ነገር... ሴቶችን ነው የሚይዘው አይደል?» አለኝ።
«እናቴን ይዟት ነበር፤ ሁለት ዓመት፤ ከዚያ ተዋት።»
ሳቀ። ሚስቱ ያኔ ለምን ትማረር እንደነበር
አንድ ቀን እንኳ እንዳልጠየቃት ነገረኝ።

እኔ ግን በዚያ ኮሪደር የምሰማው ሌላ እግር ነው።
ሐርቡ፣ የቆርቆሮው በር ሲያቃስት፣
አባቴ አሊጋዝ የወፍጮውን ዱቄት እንደለበሰ
ሌሊት ሦስቴ፣ አራቴ ወጥቶ
«ብርድ መትቶኝ ነው» እያለ ሲመለስ።
ልጅ ነበርኩ። አልቆጠርኩም።

ለአባት እንዲህ ያለ ነገር በምን አፍ ይነገራል?
ስልኬን ይዤ ልብስ ማስጫው ሰገነት ወጣሁ፤
ድምፄን ቀዳሁ፣ አጠፋሁ፣ ቀዳሁ፦
«አባባ፣ ሽንትህ... በደም ምርመራ ይታያል፤
ደሴ ይሠራሉ ይባላል። ብርድ ላይሆን ይችላል፤
ብርድም ይሆናል፤ ብቻ ሂድ።
ይህን ማለቴን ለማንም አትንገር፤ እኔም አልናገርም።»

ሁለት ሰማያዊ ምልክት። ሰምቷል።
ሦስት ቀን ዝም።
በአራተኛው «እዚያ ሙቀቱ እንዴት ነው?» አለኝ፤
የወፍጮው ቀበቶ መበጠሱን አወራኝ።
ዛሬ ግን ወንድሜ ሙሄ ጻፈልኝ፦
«አባባ ኮቱን አስተኮሰ። የት እንደሚሄድ አይናገርም።
የደሴ መኪና በስንት ሰዓት ይነሳል ሲል ሰማሁት።»

ሌሊት ነው። እሳቱ በርቷል።
ባባ አንዴ ተነሳ፤ ውሃው ሳይቆራረጥ ወረደ፤
ተመለሰ፣ ተኛ።
እኔ ግን ሁለት የሚለውን እግር እጠብቃለሁ፣
አንድ ጣቴን አጥፌ።