ቁጥሯ ስንት ነው?

ዓርብ ቀትር ላይ፣ ርሆቦት፣ ኸርጽል ጎዳና፣
ሰው ለሰንበት ይሮጣል፤ እኔም ልሩጥ አልኩና
የወንበሬን ጎማ በመዳፌ ገፋሁ።
ጫማ ልገዛ ነው፤ ከወር በፊት በመስታወቱ ያየሁ፦
ቀይ፣ ተረከዙ አጭር፣ ከፊቱ ክፍት፣
መቶ ሰማንያ ሰቅል፣ ያውም የቅናሽ ምልክት።
የእህቴ ልጅ ኦፊር አብሮኝ አለ፤ አሥራ አራት ዓመቱ፣
ግማሽ ልቡ ከስልኩ፣ ግማሹ ከአክስቱ።

ከሱቁ ደጃፍ ላይ አንዲት ደረጃ አለች፣
ስንዝር የማትሞላ፣ ለእኔ ግን ራስ ዳሸንን ያከለች።
ኦፊር ከኋላ አነሳኝ። ገባን።
ሻጩ ፈገግ ብሎ መጣ፤ ዓይኑ ከራሴ በላይ አለፈ፣
ልጁ ላይ አረፈ፤
«ቁጥሯ ስንት ነው?»

ቁጥሯ።
እዚሁ ነኝ እኮ። እግሬም አብሮኝ ነው።
«ሠላሳ ስምንት» አልኩት፣ በጠራ ዕብራይስጥ፣ ድምፄን ሳልደብቅ።
ወደ ኦፊር ዞረና «ሠላሳ ስምንት?» አለ፣ ሊያጣራ ሲጠይቅ፤
እኔ ከሌላ ክፍል የሚጮኽ ሬዲዮ፣ እሱ ግማሽ ሰሚ።
«ለመሆኑ ትሄዳለች? ጫማው ምን ያደርግላታል?» አለ ደጋሚ።
ኦፊር መልስ አጣ፤ የገዛ ጫማውን አየ።

አንቱታ አልጠበቅሁም፤ እዚህ አገር አንቱ የለም፣
ሚኒስትሩም ዘበኛውም እኩል «አንተ» ነው፤ አይከፋኝም።
አንቺ ቢለኝ በቃኝ ነበር። አንቺ ፊት ለፊት ነው።
እሱ ግን በአንዲት ቃል ከ«አንቺ» ወደ «እሷ» አሻገረኝ፣
ተቀምጬ ሳለሁ፣ በቁሜ ቀበረኝ።

አሥራ ሰባት ዓመት ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ቆሜያለሁ፣
እግሬ አብጦ፣ ጣቴ በቅርፊቱ ዘይት ነዶ፤
ያኔ ስለ እግሬ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

ቀዩ ጫማ አራተኛው መደርደሪያ ላይ ነው።
ተቀምጦ የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል ይላሉ፤
ተራቹ ሁለት እግር ነበረው፤ እስቲ እኔ ልገልብጠው፦
ቆመው የሰቀሉትን ማን ተቀምጦ ያውርደው?

አንዲት ገዢ፣ ሽቶዋ ቀድሟት የደረሰ፣
ራሴን ዳበሰችኝ። «ጀግና ነሽ!»
ምን አድርጌ? ጫማ ልገዛ ወጣሁ እንጂ የት ዘመትኩ?
«አንቺም ጀግና ነሽ፤ ያን ቦርሳ ልትገዢ መጥተሽ» አልኳት።
እጇን ሰበሰበች። ኦፊር ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ካርዱ የእኔ፣ የምስጢር ቁጥሩን የነካሁትም እኔ፤
ደረሰኙን ለኦፊር ሰጠው።
ካርዱ ላይ ስሜ አለ፦ አየሁሽ።
እናቴ ናት፣ ገና ከማህፀኗ ስወጣ እንዲያ ያለችኝ፤
ከዚያ ወዲህ ስንቱ ስሜን እየጠራ፣ ሳያየኝ አለፈኝ።

ኦፊር ውሃ ሊገዛ ሄደ። መብራቱ አጠገብ ጠበቅሁት፣
ቀዩን ጫማ አድርጌ፣ ጥላዬ ላይ ሳየው።
ድንገት ወንበሬ ተነቃነቀ። አንድ ሰው፣
በክንዱ የሰንበት ዳቦ ያንጠለጠለ፣
እጀታውን ጨብጦ ነዳኝ፤ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለ።
«ቁም! መሻገር አልፈልግም!»
መኪናው ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል፤ አልሰማም።
ከወዲያ ማዶ አደረሰኝና «ፈጽሞ ይማርሽ» ብሎኝ ሄደ፣ ሳልታመም።
እሱስ «አንቺ» ብሎኝ ነበር፤
ግን ከጀርባዬ ሆኖ።

በዚህ ማዶ ምንም ጉዳይ የለኝም።
ባንክ ተዘግቷል። አንድ ድመት። የአበባ ሻጭ ባልዲ።
ከዚያ ማዶ ኦፊር ሁለት ጠርሙስ ይዞ ይፈልገኛል፣
ሰዎቹን በቁመታቸው እያየ።
«ኦፊር!»
ዝቅ አለ ዓይኑ። አገኘኝ። እጁን አነሳ።

መብራቱ ገና ቀይ ነው።
ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፤
ሁለት እጄን ጎማዬ ላይ አጥብቄ አኖርኩ።