ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል

ነገ በአሥር ሰዓት ነው አልከኝ፣ ዶብሮሚር?
እንግዲያው ከዴፖው ጥግ ቁጭ በል፣ ጥቂት እንነጋገር።
ሊፍቱን አትጠብቀው፣ ከበረዶው ወር ጀምሮ ቆሟል፤
በእግርህ ውጣ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል፣ ስሟ በሩ ላይ ተጽፏል።
«ለአፍ ዳገት የለውም» የሚሉህን አትመን፤
እኔ ዳገቱን ያገኘሁት ደረጃው ካለቀ በኋላ ነው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን።

ወይዘሮ ሃልሽካ ትባላለች። ሽበቷን አትቀባም፤
ሻይ አታፈላም፣ አይዞህ ብላ ትከሻህን አትመታም።
መጀመሪያ ወረቀት ትሰጥሃለች፤ አንብበህ ፈርም፤
አንዱን አንቀጽ እኔ ዘልዬው ነበር፣ አንተ አትድገም፦
የነገርካት እዚያው ይቀራል፤ ለአለቃ አይደርስ፣ ለሚስት አይደርስ፣
ራስህን ወይ ሌላውን ልታጠፋ እስካልተነሣህ ድረስ።
ያኔ ሰው ትጠራለች። ይህንንም ፊትህ ትነግርሃለች፣ ሳትሸፍን።
ስሰማው ፈራሁ፤ አሁን ሳስበው ግን በሩን ያመንኩት
መቀርቀሪያው የቱ ጋ እንዳለ ስላሳየችኝ ነው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን።

ዋጋውን በስልክ ጠይቅ፤ ጥርስ ስታስነቅል ትጠይቅ የለ?
የመንግሥቱ ወረፋ ስምንት ወር ነው፤ በስምንት ወር ውስጥ ስንት ሌሊት አለ!
የእኔ የቀን ተኩል ደሞዝ ይሄድ ነበር በየሳምንቱ፤
ብስክሌቴን ሸጥኩ። ያድቪጋ ምንም አላለችኝም፤
ዓመቱን ሙሉ ምንም ብላኝ አታውቅም ነበር፣ እሱ ነበር ምልክቱ።

ሃምሳ ደቂቃ ነው። ሲሞላ፣ እንባህ አገጭህ ላይ ቢሆንም ትነሣለች።
«ሰው ናት ወይስ የጊዜ ሰሌዳ?» ብዬ ተናድጄ ወጣሁ፤
ለካ እኛም ሰዓት ሲደርስ በር እንዘጋለን፣ አሮጊት እየሮጠች።

እኔ ሦስት ሳምንት ስለ ፍሬን ብቻ አወራሁላት፤
አሸዋው ሐዲዱ ላይ እንዴት እንደሚረጭ፣
በእርጥብ ቅጠል ላይ ትራም ስንት ሜትር እንደሚንሸራተት አስረዳኋት፤
መንኮራኩርም ሣልኩላት።
አላቋረጠችኝም። በአራተኛው ቀን፣
«አሸዋው ከተረጨ በኋላስ?» አለችኝ፣ ዝቅ አድርጋ ድምፅዋን።

ከዚያ በኋላ
ቢጫ ጃንጥላ።
ከዚያ በኋላ አንድ እግር ጫማ፣
ማሰሪያው እንኳ ያልተፈታ።

ጥፋተኛ አይደለህም ብሎኛል ፖሊሱ፤ ማኅተም አለው ወረቀቱ።
ቀኝ እግሬ ግን ማንበብ አይችልም፤
ሌሊት ሌሊት አንሶላውን ይረግጥ ነበር፣ ፍሬን እየፈለገ በከንቱ።

ምክር አትጠብቅ። «እንዲህ አድርግ» የምትል መስሎኝ
እስክሪብቶ ይዤ ሄጄ ነበር፣ አሁን ያስቀኛል።
ክኒንም አትጽፍም፤ እንቅልፍ ከከዳህ ግን ንገራት፣
የሚጽፈውን ሐኪም አድራሻ ታውቃለች።
ካልተስማማችህ ደግሞ በግልጽ ተናገር፣ ሌላ ፈልግ፤ አትቀየምህም።
ሰው ጫማ ሲጠበው ይለውጣል፣ እግሩን አይቆርጥም።

ስትወጣ የባሰብህ ቢመስልህ አትደንግጥ፤
የደነዘዘ እግር የሚወጋው ደሙ ሲመለስ ነው።
ብቻ የዚያን ምሽት ፈረቃ አትውሰድ፣ ለቲሞቴውሽ ስጠው፤
አንድ ዕዳ አለበት፣ የኔን ስም ጥራለት።

ያንተን አልጠይቅህም። እኔ ላይ አታራግፈው፣ እኔ ሹፌር ነኝ፤
አንተን ሰምቼ ነገ አምስተኛውን መስመር እነዳለሁ።
ሶፍቱ በቀኝህ በኩል ነው፣ እኔ ሳላየው በእጅጌዬ ጨረስኩ።

በዚያች ፌርማታ ሳልፍ ዛሬም ሁለት ጊዜ እደውላለሁ፣
ሰው ባይኖርም፣ ዝናብ ባይኖርም፤ ተሳፋሪ ይገረማል።
የእሷን ደወል ግን
አንድ ጊዜ ተጫን፤
ይሰማል።