የጎደለው ስም

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ በእሑድ፣ በዚያው መታጠፊያ፣
በገመድ ሠሪዎች መንገድ፣ ከዓሣ መሸጫው ወዲያ፣
እጄን ለቀቅ ታደርግና ትሄድ ነበር ወደ ግራ፤
እኔ ወደ ቀኝ፣ ደወሌ ወደሚጣራ።
ያንተ ቅድስት ብሪጂት፣ የእኔ ቅዱስ ዮሐንስ፤
መሐላችን ዝናብ፣ ከሃምበር የሚነሣ ነፋስ።
ለምሳ ስንገናኝ፣ ካፖርታችንን ስናወልቅ፣
ያንተም ዕጣን ይሸታል፣ የእኔም፤ ማን ይለይ፣ ማን ይወቅ?

እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከኮርክ በመርከብ የመጣች፣
በሠርጋችን ማግስት ከእግር እስከ ራሴ አየች፤
«የእናንተ ቅዳሴ» አለች፣
«የእኛው ካባ ነው፤ ንጉሥ ሰርቆ
በልኩ ያሰፋው፣ ጫፉን ቆርጦ፣ ጥልፉን ጠብቆ።»
አባቴ ደግሞ፣ የጸሎት ቤት ሰው፣ መዝሙር እንጂ ጧፍ የማይወድ፣
ከደጃችን ቆሞ አጮልቆ፣ ሳይገባ ሊሄድ፣
«ሮማ ደርሳችሁ የለ!» አለኝ፤
«ትኬት መቁረጥ ብቻ ቀራችሁ» ብሎ ሳቀብኝ።
እኔም ለእናትህ መናፍቅ፣ ለአባቴ ካቶሊክ ሆኜ ኖርሁ፤
ለሁለቱም ሻይ ቀዳሁ።

ዘንድሮ ግን፣ ፊንታን፣ ረሳህ። መጀመሪያ መነጽርህን፣
ቀጥሎ የወንድምህን መሞት፤
በኋላም፣ በጥቅምት፣ በአንድ ጭጋጋም ጠዋት፣
ጥጉ ላይ ስንደርስ እጄን መልቀቁን።

ይዤህ ታጠፍሁ ወደ ቀኝ። ምን ላድርግ ታዲያ?

ጠበሉን ነክተህ አማተብህ። ያን የሚንቋቋ ጉልበትህን
አጥፈህ ሰገድህ፤ ከዓምዱ ሥር መረጥህ መቀመጫህን፣
አፍንጫዋ ሸረፍ ካለው ከማርያም ፊት ለፊት።
አባ ክሪስፒን ወጣ፣ አረንጓዴ ለብሶ፣
ጀርባውን ሰጠን፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ።
(ሚስቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሕፃን ታባብል ነበር፤
አላየሃትም፤ ደግ፣ ይቅር።)
ደወሉ ሦስቴ ሲመታ፣ ያ አንገትህ ተደፋ፤
«ኪርያላይሶን» ሲባል ካንተ የሚቀድም ጠፋ።
ወይዘሮ ፔቲፈር ከኋላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፦
«ይህ እንግዳ ከኛ ይልቅ ያውቃል!» ሳቄ አነቀኝ።

ከዚያ ስም መጥራቱ መጣ። ለንጉሡ፣ ለጳጳሳችን፣
ባሕር ላይ ላሉት፣ ሆስፒታል ለተኙት ወገኖቻችን።
አንተ ቀና አልህ። ጠበቅህ። ከንፈርህ አንድ ስም ጀመረ፤
አባ ክሪስፒን ያን ስም ሳይጠራ ተሻገረ።
በጨለማ ደረጃ ሲወርድ
አንድ እርከን እንደጎደለበት ሰው
እግርህ አየር ረገጠ፤ አየሁት፣ ፊትህ ላይ ነው።
አራት መቶ ምናምን ዓመት የተጻፈበት፣ የተሟገቱበት፣
ሰው የተቃጠለበት፣
ይህችው ናት፤ አንድ ትንፋሽ የምትሞላ ጸጥታ።

ወደ እኔ ዘንበል አልህ፤ በካህኑ አዝነህለት፦
«ምስኪን» አልኸኝ፣ «ስሙ ጠፋበት።
እኔንም እንዲህ ያደርገኛል።»

ለቁርባን ሰው ሲነሣ፣ አንተም ብድግ አልህ።
እጅጌህን ያዝሁ። እንደ ልጅ ተቆጣህ፣
ቆይቶም ተቀመጥህ።
ቅዱስ ዮሐንስ ማንንም ከማዕዱ አይመልስም፤
የከለከለህ ያንተ ቤት ነው፣ ያንተ ቃል፤ እኔ አይደለሁም።
አንተ የረሳኸውን ማን ይጠብቅልህ?
እኔም አልቆረብሁም በዚያ ቀን። አብሬህ ተራብሁልህ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከዓሣ መሸጫው ጥግ፣
እጄን አልለቀቅህም። ወደ ግራ ታጠፍሁ፤ ይሁን፣ ምን ላድርግ።
ያው ደወል፣ ያው አረንጓዴ፣ ያው ጉልበት፣ ያው ስግደት፤
ማርያምም አለች፣ አፍንጫዋ ሙሉ፣ ትንሽ የኮራች ናት።
እኔ የንጉሡን ስም ጠበቅሁ፤ አልጠሩትም፤
ዝም አልሁ፤ ከመሬት አልወደቅሁም።

ካህኑ ግን ያን የሮማውን ስም ጮክ ብሎ ጠራ።
ክርኔን ነካኸኝ፤ ፊትህ በራ፦
«ይኸው» አልኸኝ፣ «አስታወሰ።»